የጥናት ጽሑፍ ሐረጎች በጅምላ አይወገዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች «ከላይ ከቀረበው ሰንጠረዥ መረዳት እንደሚቻለው» በሚሉና በመሳሰሉት ሐረጎች አሰልቺ መሆናቸውን ጠቅሰው፣ አማካሪዎች እየሰረዙ እንዲያስወጧቸው በጋዜጣችሁ ጠይቀዋል። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ የምተዳደርና ብዙ የአማርኛ ጥናቶችን የምተይብ እንደመሆኔ ምሬታቸው ይገባኛል፤ መፍትሔያቸውን ግን አልቀበለውም።

የሐረግ መደጋገም በራሱ ስንፍና አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪው ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ በአንድ ሚሊዮን ቃላት ውስጥ ቢያንስ 10 ጊዜ፣ ያውም ከ5 ባላነሱ ጽሑፎች የሚገኙ የቃላት ጥምረቶችን ለይተው አሳይተዋል፤ በእነዚህ የሚገለገሉትም አንጋፋ ተመራማሪዎች ጭምር ናቸው። ሌላው የቋንቋ ተመራማሪ ኬን ሃይላንድ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ሕይወትን፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስናን፣ የተግባራዊ ሥነ ልሳንንና የንግድ ጥናትን ጽሑፎች አነጻጽረው፣ ሐረጎቹ ከሙያ ሙያ እንደሚለያዩ አረጋግጠዋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማረውና ደሴ ቋንቋ የሚያጠናው በአንድ ዓይነት ሐረግ እንዲጽፉ መጠበቅ አይገባም።

ጥፋቱ ያለው ሐረጉ የገባውን ቃል ሳይፈጽም ሲቀር ነው። በእጄ ባለፈ አንድ ጽሑፍ ሰንጠረዡ በቀጣዩ ገጽ ላይ ሆኖ ሳለ ሐረጉ «ከላይ ከቀረበው» ይላል። ይህስ የገጽ አቀማመጥ ጉዳይ ነውና ለእኔ ይተው። «መረዳት እንደሚቻለው» ካለ በኋላ ግን የተከተለው «ከ40 መላሾች 28ቱ ወይም 70 በመቶው አዎ ብለዋል» የሚል፣ ሰንጠረዡን መልሶ የሚያነብ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ መላሾቹ ለምን አዎ እንዳሉ አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈም። ባለቤቱን ብጠይቀው «አምና ያለፈው ሥራም እንዲሁ ነው» አለኝ። አማካሪው ሐረጉን ቢሰርዝለት የጎደለው ትንታኔ አይሞላም።

ተማሪው ከአምናው ሥራ የሚገለብጠው ሌላ የሚያይበት ስለሌለው ጭምር ነው። የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች በጥሩ ጥናቶች ውስጥ የሚመላለሱትን ሐረጎች ሰብስበው፣ የትኛው ውጤት ለማቅረብ፣ የትኛው ለማነጻጸር፣ የትኛው ድምዳሜን ለማለዘብ እንደሚያገለግል ከነምሳሌው ቢያዘጋጁ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛው ጥናት የተለመደውን፣ በተከታታይ አራት ቃላት ያሏቸውን ሐረጎች የመሰብሰብ መስፈርት እንዳለ መውሰድ ግን አያዋጣም፤ የእኛ ቋንቋ መስተዋድዱንም አያያዡንም ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ፣ ከሁለትና ከሦስት ቃላት ቢጀመር ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ