ደብዳቤ ለልጄ፦ ስኳሩን አትጨምሪ

ልጄ፣ አማን ነሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም እንደምታውቂያት ናት፤ የጦሳ ተራራ ከማለዳ ጀምሮ ጉሙን እንደተከናነበ ነው፣ እናትሽም ከሰሏን አያይዛ ከብርዱ ጋር እየተጣላች ነው።

ደምሽ ውስጥ ቅባት በዝቷል መባሉን ሰምቻለሁ። ከማን ሰማህ አትበይኝ። አክስትሽ ምስጢር እንደማትቋጥር እያወቅሽ ለሷ ነግረሽ "አባባ እንዳይሰማ" ማለትሽ ምን ይሉታል? ይደነግጣል ብለሽ ነው አሉ። እኔ ስንቱን አይቼ የተረፍኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ አልደነግጥም፣ በመደበቅሽ ግን አዝኛለሁ። አያትሽን ምን እንደወሰዳት አንቺም ታውቂያለሽ። የቀጠሮሽ ቀን ሥራ በዛብኝ ብለሽ እንዳትቀሪ። ከዚህ በላይ ስለ ሕክምናው አልናገርም፤ ሐኪም አለሽ።

እኔ የምናገረው ስለ ኩኪሱ ነው።

ለእናትሽ በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶ አየሁት። "ቅቤ የሌለበት የአጃ ኩኪስ" ብለሽ ጽፈሻል። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሃሉ አብጦ ተሰነጣጥቋል። እናትሽ "ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ" አለች፤ እናት ናት፣ ምን ትበል። እኔ ግን ዕድሜዬን እሳት ፊት ቆሜ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እውነቱን ልንገርሽ። የኔ ሸጋ፣ ያ ኩኪስ ሳይሆን ድርቆሽ ነው።

ቅቤ ለጣዕም ብቻ አይገባም። ዱቄቱን ይሸፍነዋል፤ ሊጡ እንዳይጎተትና እንዳይጠነክር የሚያደርገው እሱ ነው። ጨርሶ ካወጣሽው ብስኩቱ ይደርቃል። ስለዚህ ቀንሺው እንጂ አታጥፊው። ለአንድ ፓትራ፣ ለአንድ መጋገሪያ ትሪ ማለቴ ነው፣ ሰው 115 ግራም ያህል ያስገባል፤ አንቺ 40 አድርጊው። የጎደለውን፣ ልጣጩ ጠቆር ጠቆር እስኪል የበሰለ አንድ ትልቅ ሙዝ በሹካ ደፍጥጠሽ ሙዪበት። ፖም ቀቅለሽ ፈጭተሽ ብታስገቢም ይሆናል፣ ግን በዛሬ ዋጋ ፖም ለኩኪስ አይገዛም።

ቅቤው ሲቀንስ ጣዕሙ ቀለል ይልብሻል፣ ያኔ እጅሽ ከልኩ በላይ ስኳር ወደ መጨመር ይሄዳል። ስኳሩን አትጨምሪ። ሱቅ ውስጥ "ቅባቱ የቀነሰ" ተብሎ የሚሸጠውም ብስኩት ብዙውን ጊዜ በቅባቱ ፈንታ ስኳር የተሞላ ነው። ጀርባውን ገልብጠሽ አንብቢ። ጣዕም ከፈለግሽ ቀረፋ አለ፣ ዘቢብ አለ፣ ትንሽ ጨው አለ።

"ቅቤ ትቼ ዘይት ላድርግ" ብለሽም እናትሽን ጠይቀሻታል። ፈሳሹ የሱፍ ዘይት ለልብ ከቅቤ ይሻላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ቅባት አለው፤ ያው ማንኪያ ቅቤ 12 አይሞላም። ስለዚህ ዘይት ነው ብለሽ እንዳታንቆረቁሪው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ደግሞ ቤትሽ አታስገቢ።

ልኩን ያዢ። አጃ 150 ግራም፣ ፉርኖ ዱቄት 100፣ ስኳር 70፣ ቅቤ 40፣ አንድ እንቁላል፣ ሙዙ፣ ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ። አጃው የተዳመጠው ይሁን፤ ለቂንጬ የተከካው በዚያ አጭር ጊዜ አይበስልም፣ ጥርስሽን ይጎዳዋል። ቅቤና ስኳሩን ምቺ፣ እንቁላሉንና ሙዙን ጨምሪ፣ ደረቁን በመጨረሻ አስገቢና ዱቄቱ እንደጠፋ እጅሽን አንሺ። ብዙ ካሸሽው ዳቦ ይሆንብሻል። አጃው እርጥበቱን እንዲጠጣ ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፊው። ቅባቱ ያነሰ ሊጥ እሳት ላይ ራሱን አይዘረጋም፣ ስለዚህ ፓትራው ላይ ስታስቀምጪው በእርጥብ ማንኪያ ጠፍጠፍ አድርጊው። የፎቶው እብጠት አንዱ ምክንያት ይኸ ነው።

ሌላው ምክንያት ቤኪንግ ፓውደሩ ነው። ይህን የማውቀው በኦቭኗ ነው።

ባለ ሦስት ፎቋ የጣሊያን ኦቭን ትዝ ትልሻለች? ኮምቦልቻ ዳቦ ቤቱን ከዘጋ ሽማግሌ ነበር የገዛኋት። በአይሱዙ ጭነን ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ አጎትሽ ከኋላ ቆሞ በገመድ ይዟት ነበር፤ ብትንሸራተት አብሯት እንደሚወርድ አላሰበም። ሽማግሌው የኬኩን ልክ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። እሱ ቤት እንደዚያ የሚያምረው ኬክ እኔ ዘንድ ሲደርስ ይነፋና ወዲያው መሃሉ ይሰምጣል። ሽማግሌው አታለለኝ ብዬ ስንት ቀን አማሁት! ለካ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሊጡ ቶሎ ይነሳል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስኩ፣ ውሃውን ጠብታ ጨመርኩ፣ ኬኩ ቆመ። አንቺም ያለሽው አዲስ አበባ ነው፣ እሱም ከደሴ ብዙ አይተናነስም። የባሕር ዳርቻ ሰው የጻፈውን ልክ እንዳለ አትውሰጂ።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ የወጣነው በለበስነው ልብስ ነው፤ አንቺ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ፣ ስልክ ተቋርጦ ስታለቅሺ እንደከረምሽ ኋላ ሰማሁ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የዳቦ ቤቱ በር ተገንጥሏል። ኦቭኗ የለችም። ሲሚንቶው ላይ እግሮቿ ያረፉበት አራት ንጹሕ ካሬ ብቻ ቀርቷል፣ ዙሪያው የዘመናት ጥላሸት ነው። ያን የሚያህል ብረት እንዴት አድርገው እንዳወጡት እስከዛሬ ይገርመኛል። ሌላ አልገዛሁም። ሰው የዋጋው ነገር ይመስለዋል፤ ዋጋውማ ይገኝ ነበር። በልጅነትሽ ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ላይ ትቆሚ ነበር፣ ዱቄት በዱቄት ሆነሽ። አንድ ቀን እንኳ አብረን ሳንጋግር ኦቭኗ ሄደች፣ ይኸ ይቆጨኛል። አሁን በደብዳቤ ላስተምርሽ የተቀመጥኩት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ምን ላይ ነበርኩ? እሳቱ። 180 ዲግሪ ላይ ቀድመሽ አሙቂው፣ ፓትራውን መሃል አስገቢ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ እያየሽ ቢበዛ በ12 አውጪው። መሃሉ ስትነኪው ገና ለስላሳ ይሁን፤ በጋለው ፓትራ ላይ ራሱን ይጨርሳል። "ትንሽ ይጠበስ" ብለሽ የተውሽው እንደሆነ ያው ፎቶው ነው።

ከዚህ ልክ 20 ፍሬ ይወጣል፣ አንዱም ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ቅባት ይይዛል። ቅቤው ሳይቀነስ ከሚሠራው ግማሽ አይሞላም። ይህን ሰምተሽ ደግሞ ፓትራውን ሙሉ እንዳትጨርሺው! አጃ ኮሌስትሮል ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው። ወንድምሽ እንዳስረዳኝ፣ ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰሩ አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፣ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ግን ለዚህ በቀን 3 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ እሱን ለማግኘት 75 ግራም ገደማ ጥሬ አጃ መብላት አለብሽ። ኩኪሱ አንዱ የያዘው ሰባት ተኩል ነው። አስር ኩኪስ ልትበዪ ነው? ከነስኳሩ? ለመድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ ወይም ቂንጬ ብዪ። ኩኪሱን ከቡና ጋር ሁለት ፍሬ ያዢ፣ ሌላውን ለቢሮ ጓደኞችሽ። ቡናውም ላይ ስኳር አታብዢ፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ ስኳሩን አትጨምሪ።

ሙዝ ስላለበት ከሦስት ቀን በላይ ውጭ አታሳድሪው፣ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አድርጊ።

እናትሽ ከኩታበር የመጣ ለጋ ቅቤ በቆርቆሮ አሽጋ ሐሙስ በአውቶቡስ ትልክልሻለች። አትላኪ አልኳት፣ ልጄን በባዶ ልላክላት ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ተቀበዪና አመስግኛት፣ ከዚያ 40 ግራሙን መዝነሽ አስቀሪና ሌላውን ለአከራይሽ ስጫት፤ ኪራይ ልትጨምር ነው ስትዪ አልነበር? የሾፌሩን ስልክ ወንድምሽ ይልክልሻል። መናኸሪያ ከመሄድሽ በፊት ደውዪለት፣ ባለፈው ጊዜ ሦስት ሰዓት ቆመሽ ጠብቀሻል።

አባትሽ