ክረምቱ ሳይገባ ቦዮቹን እንጥረግ

ውድ አባላት፣

ሰኔ እየደረሰ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው የዓባይ በረሃ መንገድ የተመላለሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱን የሚጎዳው የከባድ መኪና ጭነት ብቻ አይደለም። ከሥር የሰረገ ውሃ ተዳፋቱን ያንሸራትተዋል፣ መንገዱንም ይዞት ይወርዳል። ሜዳው ላይ ደግሞ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያረፈው መንገድም አብሮት ይንቀሳቀሳል።

የእኛ የጠጠር መንገድ ጠላትም ይኸው ውሃ ነው። አምና ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ በደለልና በፌስታል በመደፈኑ ጎርፉ በመንገዱ ላይ አልፎ ጠጠሩን ጠርጎት ሄደ፤ አንዲት ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተሻገረች። ይህ ዳግም እንዳይሆን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ድልድዩ ጋ እንገናኝ። አካፋና ዶማ ይዛችሁ ኑ። የወጣውን ደለል ከቦዩ አርቃችሁ ድፉት፤ ዳር ላይ ከተከመረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።