«ማን ብዬ ልንፋ?»፦ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
ከጎንደር

ጤና ይስጥልኝ።

ጎንደር ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላት መዝገብ እይዛለሁ፣ የወር መዋጮ እሰበስባለሁ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለጥሩምባ ነፊያችን ወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ጋዜጠኛ አይደለሁም። ስለ ዜና የማውቀውን ያወቅኩት ከዚያች ወረቀት ነው።

ስለ ወረቀቷ ትንሽ ልንገራችሁ። ሌሊት ሰው ካረፈ፣ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ገደማ ጥሩምባ ነፊያችን በሬን ያንኳኳል። የሟቹን ሙሉ ስም፣ የማን ልጅ ወይም የማን ባለቤት እንደሆነ፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ቀብሩ የትኛው ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሆነ እጽፍለታለሁ። እሱ በእጅ ባትሪ ያነበዋል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «መርዶው ተነግሯል?» የቅርብ ቤተሰብ ካልሰማ አይነፋም። አንድ ቀን ቸኩዬ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት ብቻ ጽፌ ሰጠሁት። ስሙን ዘንግቼዋለሁ። ወረቀቱን መለሰልኝና «ማን ብዬ ልንፋ?» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሱ ጥያቄ ነው።

የአክስቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነበር። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል። ውጊያው ክልላችን ውስጥ በገባ ጊዜ ቤት ውስጥ እህል አለቀ፤ ከአያቶቹ ዘንድ ጤፍ ሊያመጣ ወደ ገጠር ወረደ። ጤፉን በአህያ ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ከእሱ ጋር ሌሎች አራት ሰዎች ሞቱ። አንዷ ውሃ ቀድታ የምትመለስ የ11 ዓመት ልጅ ናት። ማን እንደተኮሰው እስከ ዛሬ አጣርቶ የነገረን የለም።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየችው እህቱ ናት። ያኔ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ሰው ዋይፋይ ያለበት ካፌ በር ላይ እየቆመ ነበር መልእክት የሚያወርደው። እሷም እንደዚያው ቆማ ስልኳን ስትከፍት አንድ ጣቢያ የለቀቀው ቪዲዮ መጣ። መሬት ላይ የተጋደሙ ሰዎች ያሳያል። ፊታቸው አልተሸፈነም። እሱ በግንባሩ ተደፍቷል። ለይታ ያወቀችው በሹራቡ ነው። ሰማያዊ ሹራብ፣ ቀኝ ክርኑ ላይ እናቱ በጥቁር ክር የጣፈችው። ሰማያዊ ክር አጥታ ነው ጥቁር ያደረገችው፤ በዚያ ጥፈት ሁላችንም ስቀንበት እናውቃለን። ከቪዲዮው ሥር «የተደመሰሱ ጽንፈኞች» የሚል ተጽፏል።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይሰበሰባል። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ልቡን የሚያመው ካለ አስቀድሞ ይታሰብለታል፤ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። አክስቴ ግን ቡና እየቆላች ሳለ ነው ልጇ እየጮኸች የገባችባት። እኔ ስደርስ ቡናው ምጣዱ ላይ አሮ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ማንም አላወረደውም።

ማታ ጥሩምባ ነፊያችን መጣ። ወረቀቱን ሰጠሁት። እንደ ልማዱ «መርዶው ተነግሯል?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? «ሰምተዋል» አልኩት።

በማግስቱ ደግሞ ውጭ አገር ሆኖ የሚያሰራጭ ሌላ ጣቢያ ያንኑ ቪዲዮ ይዞ ብቅ አለ። «በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን ተጨፈጨፉ» አለ። የቦታውን ስም እንኳ ተሳስቷል። አንደኛው ጣቢያ ዘንድ የሞተ ንጹሕ ሰው የለም፤ ሌላኛው ዘንድ በመቶዎች ናቸው። የቀበርነው አምስት ሰው ነው። ሁለቱም አልመጡም፣ አልደወሉም። በዜሮና በመቶዎች መካከል አምስት ሰው ጠፋብን።

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት የደረሰብንን ሁሉ መለስ ብዬ ሳየው ያው ነው።

ጭናን አስታውሱ። ዳባት ወረዳ ነው፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ማብቂያ ላይ የትግራይ ኃይሎች በዚያ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት መጀመሪያ 120 ሰው ሞተ አሉ፤ ቁጥሩ ከዚያም ጨመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቆይቶ ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ባሉት ቀናት ጭና ላይ ተረሽነዋል ብሎ የመዘገባቸው ሰዎች 26 ናቸው። አንዱ ሌላውን ውሸታም አያደርገውም። አንዱ ሞቱ የተባሉትን ሁሉ ይዟል፤ ሌላው በምስክር አጣርቶ በአንድ ዓይነት ግድያ የመደባቸውን ብቻ ነው የቆጠረው። ይህን ለተመልካች ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ያቺ አንድ ደቂቃ ስለጠፋች ግን ጭናን መካድ የፈለገ ትንሹን ቁጥር፣ ሕዝብ ማነሣሣት የፈለገ ትልቁን ይዞ ሄደ። የጭና ሰዎች መሐል ቀሩ።

ማይካድራ ላይ ሰላማዊ ሰዎች የተጨፈጨፉት ጥቅምት 30 ቀን 2013 ነው። በ3ኛው ቀን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መግለጫ አወጣ። ቁስለኞቹ ጎንደር ድረስ መጥተው ስለታከሙ እኛ ጉዳዩን ከሩቅ አልሰማነውም። ከዚያ 20 ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 19 እና 20፣ አክሱም ላይ የኤርትራ ወታደሮች ብዙ ሰላማዊ ሰው ገደሉ። የዚያ ሙሉ ሪፖርት የወጣው በየካቲት ነው። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ተከልክሎ 3 ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኔ ለማይካድራ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ለአክሱም እናቶችም ያኔውኑ ማልቀስ ነበረብኝ። አልሰማሁም። ስሰማም መጀመሪያ አላመንኩም፤ ምክንያቱም የማምነው ጣቢያ አልነገረኝም። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

መራዊስ? ጥር 20 ቀን 2016 የሆነ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የካቲት 5 ቀን ባወጣው መግለጫ ማንነታቸውን ያረጋገጠ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ተናገረ። ያችን «ቢያንስ» የምትለውን ቃል እወዳታለሁ። «እስካሁን ያረጋገጥነው ይህን ነው፣ ፍለጋው አላለቀም» ማለት ናት። ዜና አንባቢዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ ይጥሏታል። «45 ሰዎች ተገደሉ» ይላሉ። 46ኛው ሰው ቤት ውስጥ ያ ዜና እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

የቆየውንም ማንሣት ይቻላል። የየካቲት 12 ቀን 1929 ሰማዕታት ስንት ነበሩ? መንግሥታችን 30 ሺህ ብሏል፤ ታሪክ አጥኚዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁሉንም በስም የመዘገበ ስላልነበረ ክርክሩ አያልቅም። በሌላ አገር ግን ተሠርቷል። በቦስኒያ ጦርነት 200 ሺህ ሰው አለቀ ሲባል ለዓመታት ተኖረ። ሳራዬቮ ውስጥ ያለ አንድ የምርምር ማዕከል ሙስሊም፣ ሰርብ፣ ክሮአት ሳይል፣ ሲቪሉን ከወታደሩ ለይቶ፣ እያንዳንዱን ሟች በስሙ መዘገበ። ቁጥሩ ወደ 100 ሺህ ወረደ። ሲወርድ ያዘኑ ነበሩ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ «አልሞቱም» ማለት ከባድ ሆነ። ስማቸው አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የምትሠሩ መሥሪያ ቤት ናችሁ። ለጣቢያዎች ደብዳቤ ስትጽፉ ዝም አይሏችሁም። ኅዳር 2014 ላይ ለሲኤንኤን፣ ለቢቢሲ፣ ለሮይተርስና ለአሶሼትድ ፕሬስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፋችኋል፤ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። የእኔ ጥያቄ፣ አንድ ደብዳቤ ለሞቱት ሰዎች ስትሉ ለአገር ውስጦቹ ጣቢያዎች ጻፉ ነው። የመንግሥት፣ የክልል፣ የግል ሳትሉ።

በደብዳቤው ላይ ይህን በሉልኝ። ሰው ሞቶ ሲገኝ ማንነቱ ሳይጣራ «ጽንፈኛ»፣ «አሸባሪ»፣ «ጁንታ» አይባል። «ተደመሰሰ» የሚለውን ቃል እንኳ ተዉት በሏቸው፤ ሰው ይሞታል እንጂ አይደመሰስም። መግለጫ የሰጠው አካል ታጣቂ ናቸው ካለ፣ «እገሌ ብሏል፣ እኛ ግን አላጣራንም» ተብሎ ይነበብ። ጣቢያው ቦታው ድረስ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ይህም ይነገር፤ አለመሄድ ነውር የለበትም፣ የሄዱ መምሰል ነው ነውሩ። የሬሳ ፊት ቤተሰብ ሳይሰማ አይታይ። የእኛ ጥሩምባ ነፊ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ትምህርቱም ብዙ አይደለም፤ ይህን ግን ያውቃል። የተሳሳተ ጣቢያ ደግሞ ማረሚያውን የተሳሳተበት ሰዓት ላይ ያንብብ። ቪዲዮውን ማታ 2 ሰዓት ለቅቆ ማረሚያውን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማንበብ የአክስቴን ልጅ ስም አያጸዳም።

ስምን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስማቸው እንዳይጠራ የሚለምኑ ቤተሰቦች አሉ። የቀረውን ልጃቸውን ይፈራሉ። እድራችን ውስጥም «እንዴት እንደሞተ አትጻፍ» ብለው እጄን የያዙ እናት ነበሩ። አልጻፍኩም። ስለዚህ ሁሉም ስም በየቴሌቪዥኑ ይጠራ አልልም። ጋዜጠኛው ስሙን ይወቅ፣ በመዝገቡ ይያዝ፣ ለአየር ለማብቃት ግን ቤተሰቡን ያስፈቅድ ነው የምለው። ስሙን የሚያውቅ ጋዜጠኛ አምስቱን መቶ አያደርጋቸውም። ዜሮም አያደርጋቸውም።

ጋዜጠኞቹን ብቻ ብወቅስ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። አንዱን የማውቀውን ልጅ «ለምን ቦታው ድረስ ሄደህ አታጣራም?» ብዬው ነበር። «ብሄድ ማን ይመልሰኛል፣ ጋሼ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በኅዳር 2014 የአስቸኳይ ጊዜ ዕዙ ከተፈቀደለት አካል ውጭ ማንም የውጊያ ውሎ መረጃ እንዳያወጣ ከለከለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ በኋላ የታሰሩ ጋዜጠኞች አሉ። በታጣቂዎቹም በኩል ያልወደዱትን የዘገበ ሰው በሰላም አይተኛም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን ይከለክላል፤ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልንም ይጠብቃል። ታዲያ የሲቪሎችን ሞት ለማጣራት የሚሄድ ጋዜጠኛ ኬላ ላይ ሲያዝ የመጀመሪያውን ስልክ የሚደውለው የእናንተ ቢሮ ይሁን። ፈቃድ የሚሰጥ ቤት ፈቃድ ለሰጠው ጣቢያ ጋዜጠኛ ቢከራከር ማን ይቃወመዋል? ውጊያ ባለበት አካባቢ ስልክና ኢንተርኔት ይዘጋ ሲባልም፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ድምፅ ካላችሁ «ሰው መርዶውን በምን ይሰማል?» ብላችሁ ጠይቁልን።

ስለዚያ ቪዲዮ ከእናንተ የምፈልገው ካሣ የለም። የጣቢያውንም ስም እዚህ አልጠራም። አክስቴ የምትፈልገው ግን አለ። «ልጄ ጤፍ ጭኖ ነበር ብለው ይናገሩልኝ» ትላለች። ሌላ አትልም። ሰው ለቅሶ ሊደርሳት ሲመጣ ሁሉ ስለ ጤፉ ትነግረዋለች፤ ስንት ቁና እንደነበረ፣ ግማሹ መንገድ ላይ እንደፈሰሰ፣ አህያዋ ብቻዋን እንደተመለሰች።

የአምስቱ ሰዎች ስም፣ ዕድሜና የተቀበሩበት ቦታ በእጄ ተጽፎ በእድራችን መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። አራቱ የእድራችን አባል ቤተሰብ አይደሉም፤ ሌላ የሚጽፋቸው ስላጣሁ ነው ያስገባኋቸው። የአምስቱም ቤተሰቦች እንዲነገር ፈቅደዋል። የምትልኩት ወይም የምትፈቅዱለት ጋዜጠኛ ካለ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ቤት አለሁ። እኔ ባልኖር ጥሩምባ ነፊያችንን ይጠይቅ፤ ስማቸውን በቃሉ ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር
የእድር ጸሐፊ
ጎንደር