ከበሮ በሰው እጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 14 ቀን

ይድረስ ለውድ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ስታነቢ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ስድስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስገለበጡን የደብዳቤ አጀማመር ነው። ሌላ መነሻ ባጣ ወደ እርሱ ተመለስኩ። ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው በምን ይጀምራል? እናትሽ ያረፉ ጊዜ በስልክ ተላቀስን። ከዚያ ለአርባው እጽፋለሁ አልኩ፣ አለፈ። ለሙት ዓመታቸው አልኩ፣ እርሱም አለፈ። ባዘገየሁ ቁጥር ኀፍረቴ በዛ፤ ኀፍረቴ በበዛ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ። ሰበብ አልደረድርልሽም። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ለይቅርታ ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከአንቺ በቀር የሚመልስልኝ ሰው በዓለም ላይ የለም። ጥያቄው ከታች ይመጣል፤ ዘልለሽ እንዳታነቢው።

ከበሮ መምታት እየተማርኩ ነው።

እንግዲህ እንደ ልብሽ ሳቂ። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቀኝ ሲባል ወደ ግራ የምዞረው። እናትሽ ከበሯቸውን ከጓዳው ግድግዳ አውርደን ስንነካካ ሲደርሱብን ምን ይሉን እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»። ያኔ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ሳየው ቁጣ ሳይሆን መረጃ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ጥር በአንድ የመልስ ግብዣ ላይ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሴቶቹ ሁሉ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ሙዚቃው ከድምፅ ማጉያ ይወርዳል። ድንገት ማጉያው ጸጥ አለ። ምን እንደነካው አላውቅም፤ ሁለት ወጣቶች ሽቦ ለሽቦ ሲያገናኙ ሩብ ሰዓት ፈጁ። ያን ሁሉ ጊዜ እጃችንን ለጭብጨባ እንዳነሣን እርስ በርስ ተያየን። አንዷ እናት ግጥም ጀመሩ፣ ተቀበልን፣ ግን ሥር የሚይዘው ነገር ስላልነበረ ሁለት ዙር ሳንዘልቅ ከሰመ። አንዷ የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጣ ሞከረች፤ ባልዲው እንደ ባልዲ ጮኸ። እኔ እናትሽ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቢኖሩ የሽቦውን ነገር ማን ያነሣው ነበር? የእህቴ ልጅ ደግሞ ታጭታለች፣ ሠርጓ ለከርሞ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል ተብሏል። ማታ ቤቴ ስገባ ከበሮ ልማር ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እሺ» አለኝ። አላመነኝም ማለት ነው።

የት እንደምማር ስለማላውቅ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መናፈሻ ነው። ዋሽንግተን 16ኛው ጎዳና ላይ ሜሪዲያን ሂል የሚሉት አለ፤ ብዙ ሰው ግን ማልኮም ኤክስ ፓርክ ይለዋል። ውኃው በ13 ገንዳ ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ነው። ማልኮም ኤክስ በተገደለበት በአውሮፓውያኑ 1965 የተጀመረው የእሑድ ከበሮ እስከ ዛሬ አለ፤ አየሩ ሲሞቅ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው እስኪመሽ ይመታሉ። እዚህ አገር እንደ መጣሁ አዳምስ ሞርጋን ከሚገኝ የአበሻ ምግብ ቤት ከሥራ ስወጣ ሩቅ ሆኜ እሰማው ነበር። ሃያ ዓመት ሰምቼው አንድ ቀን ጠጋ ብዬ አላየሁትም።

እዚያ ያገኘሁት ከበሮ የእኛ አይደለም፤ ጀምቤ ነው፣ የማሊና የጊኒ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ የፍየል ቆዳ የለበሰ። ሙቀጫ አስቢና አፉን በቆዳ ክደኚው። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ትርፉን ከበሯቸውን ሰጥተውኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አንድ ቆዳ ሦስት ድምፅ እንዳለው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በሙሉ መዳፍ መሐሉን ስትመቺው ወፍራሙ ይወጣል። ጣቶችሽን ገጥመሽ ጠርዙ ላይ ስታሳርፊ ክብ ያለ፣ የጠራ ድምፅ ይሰጥሻል። እዚያው ጠርዝ ላይ ጣቶችሽን ላላ አድርገሽ ስትወረውሪያቸው ደግሞ እንደ ጥፊ ይጮኻል። ልዩነቱ የጣት ነገር ብቻ ነው፤ የጉልበት አይደለም። ይህንን መስማትና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሦስቱም ከእጄ አንድ ዓይነት ሆነው ይወጡ ነበር፤ በር እንደማንኳኳት።

ሽማግሌው ቀለበቴንና ሰዓቴን አስወለቁኝ፤ ቀለበት ቆዳውንም ጣትንም ይጎዳል። ከዚያ አንድ ነገር ደጋግመው አሉኝ፦ እጅሽን እዚያ አትተይው፤ የጋለ ነገር እንደነካሽ አድርገሽ አንሺው። ያን ጊዜ ገባኝ። ምጣድ! ምጣዱ መስማቱን ለማወቅ በመዳፋችን ነካ አድርገን እንደምናነሣው ማለት ነው። እጄ እንጀራ ጋግሮ ያደገ ስለሆነ ይህን ያውቃል። በዚያው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የጠራ ድምፅ ወጣኝ። አንድ ብቻ ነው፣ ግን ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ።

ጀምቤው መልካም ነገር ቢሆንም ለመልስ አይሆንም። በመስከረም አንዲት ወዳጄ ከአዲስ አበባ በሻንጣዋ ከበሮ አመጣችልኝ። ትንሽ ነው፣ ጎኑን ጠፍር ወጥሮታል፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ማንገቻ አለው። እዚህ ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ፤ የእኛው ሁለት አፍ ነው፣ ሰፊና ጠባብ። ሰፊው ያገሣል፣ ጠባቡ ይመልሳል። ሁለቱን እጆች እንደ ሁለት ሰው ማነጋገር አለብሽ። የእኔዎቹ ደግሞ እንደ ባልና ሚስት እየተቋረጡ ያወራሉ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ወጣት አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እዚህ ተወልዶ አማርኛው ከእኛ ልጆች ይጠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዝሙር ጥናቱ በኋላ ያስተምረኛል፤ «እርስዎ» እያለ ይገሥጸኛል። ለሠርግ ዘፈን እንደምፈልገው አልደበቅሁትም። «እጅዎ ይለመድ እንጂ ዘፈኑን እርስዎ ያውቁታል» አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ግን እንድነካው ገና አልፈቀደልኝም፤ እርሱ ትልቅ ነው፣ ልብስ የለበሰ ነው፣ በጎኑ የሚወርደው ጠፍር የጌታ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው። ማኅሌት አሁን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ዝማሜው በመቋሚያ ብቻ ረጋ ብሎ ይሄድና ወደ መረግድ ሲገባ ከበሮው ይነሣል፤ ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ካህን አብሮ ሲፈጥን አንድም አይቀዳደምም። እኔ ብቻዬን ከራሴ እቀዳደማለሁ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ልጁ «እንግዲህ እስከ ትንሣኤ» ብሎኝ ቁጭ። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ዝም እንደሚሉ መቼም ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን ሃምሳ አምስት ቀን እጄ ሥራ ፈትቶ የተማርኩትን እንዳይረሳ ፈራሁ። ሠርጉ ግንቦት ነው! ቤቴም ውስጥ ሕሊናዬ አልፈቀደም፤ ከታች ያለችው ጎረቤቴም ቀድሞውኑ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን መምታት ጀምራ ነበር። (ምቷ ከእኔ የተሻለ ልክ ነበረው።) ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ጭኔ ላይ አጋድሜ እርሱን መምታት ጀመርኩ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ከሥራ መልስ፣ ወጥ እስኪበስል። ባለቤቴ ከበር ቆሞ አይቶኝ «ጤፉ ምን በደለሽ?» አለኝ።

ከረጢቱ ድምፅ ስለሌለው የቀረኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። የእኛን ምት፣ ሙዚቀኞቹ ችክችካ የሚሉትን፣ ስድስት አድርገሽ ቁጠሪው። ሦስት ሦስት አድርገሽ ለሁለት ብትከፍይው ይሄዳል፤ ሁለት ሁለት አድርገሽ ለሦስት ብትከፍይውም ይሄዳል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ጭብጨባው በአንዱ ሲሄድ እጄ ሳላውቀው ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ከዚያ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የጨፈርኩበት፣ ትከሻዬ ሳይቆጥር የሚያውቀው ነገር እጄ ላይ ሲደርስ የሒሳብ ፈተና ሆነ። ትንሣኤ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ። ጤፍ እጅሽን ውጦ ያስቀረዋል፣ ቆዳ ግን ይመልሰዋል። በከረጢት የለመደው እጄ ከበሮው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ምጣዱን እንደገና ማስታወስ ነበረብኝ።

ሠርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ፤ ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ። መልሱ ላይ ከበሮውን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። ጀመርኩ፣ ያዙልኝ፣ አጨበጨቡ። ደስ ሲለኝ ፈጠንኩ፤ በፈጠንኩ መጠን ሴቶቹ ጭብጨባቸውን ሊያደርሱ ታገሉ፤ አውጪዋ የግጥሟን ጅራት መዋጥ ጀመረች። ያን ጊዜ አንዲት የሰባ ዓመት እናት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ምንም አላሉኝም። ጆሮዬ ሥር በቀስታ ማጨብጨብ ብቻ፤ እስክሰማቸው ድረስ። ስሰማቸው እጄ ራሱ ረጋ።

እዚያ ላይ ነው እናትሽን ያየኋቸው። እኔ እኮ ሁልጊዜ እሳቸው እየመቱ ሌላው የሚከተላቸው ይመስለኝ ነበር። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ዓይናቸውን ከደን የሚያደርጉት ደስታ ወይም ኩራት ይመስለኝ ነበር። ሴቶቹን እየሰሙ ነበር! አጨብጫቢዎቹን ተከትለው ነው የሚመቱት። በክረምት ከበሮውን ምድጃ ዳር አስጠግተው ቆዳውን በጥፍራቸው ቆርቆር ሲያደርጉ፣ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ፣ ትንሽ ከእሳቱ ሲያሸሹት፣ ደግሞ ቆርቆር ሲያደርጉ አላየንም? አሁን የእኔው በዚህ አገር የበጋ ወበቅ ሲላላ፣ በክረምት ማሞቂያው ሲያደርቀው እንዳይሰነጠቅ ስሰጋ፣ ያ ሁሉ ምን እንደነበር ይገባኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውና። ዘፈኑ ሊሞቅ ሲል፣ ልክ ከእልልታው በፊት፣ የእናትሽ ከበሮ ለአፍታ ቀጥ ይል ነበር። ድምፁ ተሰምቶ የሚያልቅ ሳይሆን የሚቆረጥ ነበር፤ ከዚያ ሴቶቹ እልል ሲሉ እንደገና ይነሣል። ልሠራው ሞከርኩ፤ እጄን ባነሣ ድምፁ ይቀጥላል፣ አይቆረጥም። ሽማግሌውም ልጁም እጅሽን ቆዳው ላይ አትተይው ይሉኛል። በዓይነ ኅሊናዬ የማየው ግን የእናትሽን ግራ መዳፍ፣ ያ የብር ቀለበት ያለበትን፣ ጠባቡ አፍ ላይ እንዳረፈ ነው። የሕፃን ግንባር እንደሚነካ እጅ። በእርግጥ እዚያ ይተዉት ነበር? ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩት? በየትኛውስ እጅ ነበር? አንቺ ከፊታቸው ነበር የምትቀመጪው፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ከበሮውስ የት ነው ያለው? አሁንም ጓዳው ግድግዳ ላይ ከሆነ አውርጂውና ቆዳውን እዪልኝ፤ አይጥ ጠፍሩን ትወዳለች። ከተረፈ ከረፋዷ ፀሐይ ላይ ትንሽ አውጥተሽ፣ ሳይከርር አስገቢውና አንዴ ብቻ ምቺው። ከዚያ እጅሽን እዚያው ተይውና ምን እንደሚል ጻፊልኝ።

የእህቴ ልጅ ሰላም ትልሻለች። ልጆችሽን ሳሚልኝ።

የዘወትር ናፋቂሽ፣
ግራና ቀኟን ገና የምትማረው እህትሽ