ሙሉቀን «ጥሎን ሄደ» አትበሉ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ድምፃዊው ሙሉቀን መለሰ በሚያዝያ 2016 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በ70 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ የተጻፈውን እየፈለግሁ አነባለሁ። እናንተም ጽፋችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን የአንባቢው ሐዘን አንድ ቦታ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ። ግማሹ ዘፈን ማቆሙን እያነሳ «በሞቀ ሰዓቱ ጥሎን ሄደ» ይላል። ግማሹ ደግሞ እሱ ራሱ ለእምነቱ ሲል ስለተዋቸው ዘፈኖቹ ጭራሽ ባይነሱ ደስ ይለዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት እቀዳ ነበር። ሰው ባዶ ካሴቱን ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች ይነግረኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ በማግስቱ ይወስዳል። በዚህ ሥራ የከተማው ሰው ልቡ የት እንዳለ ይታወቃል። ጥላሁንን ሁሉም ያስቀዳል፤ ሽማግሌውም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም። ሙሉቀን ግን የእኛ ነበር። እድሜው ከእኛ ብዙም አይርቅም። ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ገና በልጅነቱ ምሽት ክበብ መዝፈን የጀመረ ልጅ ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ አይጮህም፤ ስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ለስለስ አድርጎ ያወርደዋል። ያንን ለመኮረጅ ያልሞከረ የሰፈራችን ጎረምሳ አልነበረም።

ከሁሉም የማይረሱኝ የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ናቸው። ተሳቢያቸውን ኮምቦልቻ አቁመው ደሴ ይወጡና «እህቴ፣ ሳይድ ኤውን በሙሉ እሱን ሙዪልኝ» ይሉኛል። በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ ሲወርዱ ሙቀቱን ሸሽተው በሌሊት ስለሚነዱ፣ እንቅልፍ የሚያባርርላቸው ዘፈን ይፈልጋሉ። «ናኑ ናኑ ነይ» የሌለበት ካሴት ይዞ የሚወርድ ሾፌር አላስታውስም።

ደግሞ ሰዓት እላፊ ነበር። ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው አይገባቸውም። ሠርግ ወይም ፓርቲ የሄደ ሰው ከመሸ መውጣት አይችልም፤ እዚያው ያድራል። እና እስኪነጋ ምን ይደረጋል? ይጨፈራል። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ከራዲዮ ላይ ወልቆ ይገባል። ውጭ ጥይት ይሰማል፣ ውስጥ ሙሉቀን ይዘፍናል። የእኛ ወጣትነት እንዲህ ነው ያለፈው፤ በጎውም ክፉውም አንድ ሌሊት ውስጥ።

«ሄደች አሉ»ን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለፍቅረኛ የተዘፈነ ዘፈን ነው። ግን በዚያ ዘመን ከየቤቱ ሰው ይጠፋ ነበር። የታሰረ አለ፣ የተገደለ አለ፣ ጫካ የገባ፣ በጅቡቲ ወይም በሱዳን የወጣ አለ። አንዲት እናት ገበያ ውለው ሲመለሱ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ይቆሙ ነበር። ቴፕ የላቸውም። «ልጄ፣ ያን ሄደች አሉ የሚለውን ክፈችልኝማ» ይሉኛል። እከፍትላቸዋለሁ። ዘንቢላቸውን ሳያወርዱ እስከ መጨረሻው ይሰሙና «ይባርክሽ» ብለው ይሄዳሉ። ልጃቸው ከቤት ከወጣች በኋላ ወሬዋ ጠፍቶ ነበር። የሱቁ ባለቤት ደንበኛ እያስጠበቅሁም ቢሆን እንድከፍትላቸው ፈቅዶልኝ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተሰጠን በእሱ ድምፅ ነው። የሰጠን ሰው እንዴት «ጥሎን ሄደ» ይባላል?

ጌታን ተቀብሎ ዓለማዊ ዘፈን ማቆሙ ያኔ እኔንም አሳዝኖኛል፤ አልደብቅም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የማርያም ልጅ፤ በሃይማኖት አንገናኝም። ነገር ግን ዘመኑን የረሳ ሰው አይፍረድበት። ደርግ የጴንጤዎችን ቸርች ይዘጋ ነበር። አማኞቹ ይታሰሩ፣ በየሰው ቤት ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። በዚያ ጊዜ ጴንጤ መሆን ምንም ጥቅም የለውም፤ ጭብጨባም ገንዘብም የሚገኘው ከዘፈኑ ነው። እሱ ግን ያመነበትን ያዘ። አሜሪካ ሄዶም መዝሙር ዘመረ እንጂ ወደ ዘፈኑ አልተመለሰም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቃሉ የጸና ሰው ሊከበር ይገባል፤ ባንስማማም።

ለእምነት ወንድሞቹና እህቶቹ ደግሞ፣ በአክብሮት፣ ይህን እላለሁ። እሱ ዘፈኑን መተው መብቱ ነው። እኛ ግን አልተውነውም። እነዚያ እናት ደጃፍ ላይ ቆመው የሰሙት ዘፈን ኃጢአት ነው ብሎ ሊያሳምነኝ የሚችል ሰው የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ዘፋኙን ስናስብ ከጀርባው የነበሩት ተረስተዋል። በተቀዳ ካሴት ላይ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ የእኔ ትውልድ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ገጣሚና ተዋናይት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ለሙሉቀን በርካታ ግጥሞች እንደጻፈች ስንቱ ወጣት ያውቃል? በኋላ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራውን ካሴት የሚወድ ሰውስ፣ ከባንዱ አባላት የአንዱን ስም ይጠራል? ፈረንሳዮቹ ኢትዮፒክስ ብለው የድሮ ዘፈኖቻችንን በሲዲ ሲያወጡ ከታሪካቸው ጋር ነው ያወጡት። እኛ በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ጋዜጣ ይህን ማድረግ እንዴት ያቅተናል? ኤፍኤም ጣቢያዎቻችንም ዘፈኑን ሲያጫውቱ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ቢጠሩ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ዓምድ ክፈቱ። ሳክስፎን የነፋው፣ ጊታር የመታው፣ ያቀናበረው ማን እንደነበር በሕይወት ያሉትን ጠይቃችሁ ጻፉ። ብዙዎቹ እንደ እኔ ሸምግለዋል። አንባቢውም ይጻፍ፤ የት ሰማው፣ ከማን ጋር ሰማው፣ ምን ሆኖ ሰማው። እኔ ያን የቅጂ ደብተር አስቀምጬዋለሁ። በየትኛው ወር የትኛው ዘፈን እንደተፈለገ፣ ደንበኛው ሾፌር ይሁን ተማሪ ሁሉ አለበት። ፎቶ አንስታችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ የደንበኞቹን ስም ግን ሸፍኑልኝ። አድራሻዬን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

የቀድሞ የሙዚቃ ቤት ሠራተኛ
ከደሴ