ለንባብ ቡድናችን አባላት፦ ከድራማው በፊት እንገናኝ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ፒያሳ በተለመደው ካፌያችን እንገናኛለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በተከታታይ ድራማ አብረን ማየት ከመጀመራችን በፊት፣ ከድራማው ምን እንደምንጠብቅ እንነጋገር።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ እያንዳንዱ አንባቢ ሰብለ ወንጌልን በየራሱ መልክ ስሏታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ደግሞ ድምፁ ከጆሮው አይጠፋም። ለተዋንያኑ ከባድ ሸክም ነው። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጉዱ ካሣ ነው። ንግግሩ ረጅም ነው፤ ካሳጠሩት ግን ሰውየው ራሱ ይጠፋል። በዛብህ ሰብለን ሲያስተምራት በመካከላቸው ያለው ዝምታ ግን ለካሜራ የሚመች ይመስለኛል።

መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ። «ይህቺ እንዳትቀር» የምትሏት አንዲት ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ተራ በተራ እናነባለን። መጽሐፉ የሌላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ እናፈላልጋለን። ድራማውን በማን ቤት እንደምናይም እዚያው እንወስናለን። ከአዘዞ የምትመጡ ታክሲ ሳይጠፋ እንድትመለሱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጨርሳለን።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ወንበር የምናስይዘው በዚያው ልክ ነው።