ይድረስ ለወንድሜ፦ ስለ ባክ ቁልፍ

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደብረ ብርሃን ደህና ነን፤ ብርዱን እንደምታውቀው ነው። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜያችን! ስለ መንዝ ጓሳ የሠራኸውን ድረ ገጽ ሳነብ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ ግሩም ነው። ጭላዳው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ፣ ሕዝቡ የጓሳውን ሣር ዘግቶ ሲጠብቅ የኖረበት ሥርዓትም አለ። አንዲት ነገር ብታስተካክልለት ብዬ ነው የምጽፍልህ።

በስልኬ ነው ያነበብኩት። ከማውጫው «ጭላዳ»ን ነካሁ፣ ወረደ። «ወደ ላይ» የሚለውን ነካሁ፣ ወጣ። ቀጥዬ «ቀይ ቀበሮ»፣ እንደገና «ወደ ላይ»። ሲበቃኝ ልውጣ ብዬ ወደ ኋላ የሚመልሰውን የባክ ቁልፍ ስነካ ቀበሮው ጋ መለሰኝ። ስደግም ማውጫው፣ ስደግም ጭላዳው! ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ድረ ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር ግን ሥራውን ነው የሠራው። የማውጫው ሊንክ በገጹ አድራሻ ጫፍ ላይ የሃሽ ምልክት (#) እና የክፍሉን ስም ይቀጥላል። ከሃሽ ወዲያ ያለው ገጹ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ አይሄድም፤ ገጹም እንደ አዲስ አይከፈትም። አድራሻው ግን ተለውጧል፤ ስለዚህ ብሮውዘሩ የተከፈቱ አድራሻዎችን በተራ የሚመዘግብበት ሂስትሪ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ባክ የሚያየው ያንን መስመር ብቻ ነው። አዲስ ገጽ ይሁን የዚያው ገጽ ሌላ ክፍል፣ ለእሱ ለውጥ የለውም።

ዋናው ችግር «ወደ ላይ» ነው። ለአንባቢው መመለስ ይመስለዋል፤ ለብሮውዘሩ ግን ሌላ ወደፊት መሄድ ነው። አንድ ክፍል አይቶ የተመለሰ ሰው ሁለት መስመር ጨመረ ማለት ነው። የግርጌ ማስታወሻህም እንደዚያው ነው። ቁጥሩን ነክቶ የወረደ ሰው በቀስቷ ወደ ንባቡ ይወጣል፤ ከዚያ ባክ ሲል ተመልሶ ግርጌው ላይ ይወድቃል።

የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ሊንኮች ቢቀሩ ይሻላል ብሎ ነበር። ሰው ሊንክ ሲነካ የሚጠብቀው አዲስ ገጽ ነው ባይ ነው። እውነት አለው። ያንተን ለሚያህል ረጅም ገጽ ግን አልስማማም። እዚህ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፣ አንዴ የተከፈተ ገጽ ውስጥ ከክፍል ክፍል መዝለል ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ደግሞ የጭላዳውን ክፍል ብቻ በቴሌግራም ለሰው መላክ ይቻላል፤ እዚያው ላይ ይከፈትለታል።

ስለዚህ ማውጫውን ተወው፣ «ወደ ላይ»ን ሰርዘው። በምትኩ ማውጫው ከላይ ተለጥፎ ይቆይ፤ ርዕሶቹን እንዳይሸፍን የገጹን መልክ በምታዝበት በሲኤስኤስ «ስክሮል ማርጂን ቶፕ» በሚለው ትእዛዝ ከላያቸው ቦታ ስጣቸው። ፎቶዎቹ ደግሞ በሃሽ ነው የሚቀያየሩት፤ እያንዳንዷ ፎቶ አንድ መስመር ትጨምራለች። እዚያ ላይ የገጹን እንቅስቃሴ በምታዝበት በጃቫ ስክሪፕት «ሪፕሌስ ስቴት» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀም፤ አድራሻው ይቀየራል፣ ሂስትሪው አይከመርም። ባክን ራሱን ግን በስክሪፕት እንዳትነካብኝ! ሰው መውጣት ሲፈልግ መውጣት አለበት።

አስተካክለህ ስትጨርስ ላክልኝ፤ በዚሁ ስልክ እሞክረዋለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን